ስህተቱን የሚያውቅ ግምት፦ የመሐንዲሱ የቦሪስ ጋለርኪን ሕይወትና ሥራ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ መሐንዲስ ነው። ስሙ ቦሪስ ግሪጎርየቪች ጋለርኪን ይባላል። የምህንድስና ትምህርት የተማራችሁ ስሙን ከአንድ የስሌት ዘዴ ጋር ተያይዞ ሳትሰሙት አልቀራችሁም፤ ሰውየው ማን እንደ ነበር፣ በምን ዓይነት መንገድ አልፎ እዚያ እንደ ደረሰ ግን በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነሳም። እኔ ደግሞ ዘዴውን በሚገባ ለመረዳት ሰውየውን ማወቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ንግግሬ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ስህተቱን የሚያውቅ ግምት ዕውቀት ነው። ስህተቱን የማያውቅ ግምት ግን አሥር አሃዝ ቢደረደርለትም አደጋ ነው። የጋለርኪን ሥራ የመጀመሪያውን አስተምሮናል፤ ሁለተኛው ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ከእሱ ሞት በኋላ የሆነ አንድ ታሪክ ያሳየናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ጋለርኪን የተወለደው በ1871 በፖሎትስክ ከተማ ከድሃ የአይሁድ ቤተሰብ ነው። ፖሎትስክ ዛሬ የቤላሩስ ከተማ ናት፤ ያኔ ግን የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት አካል ነበረች፤ አይሁድ እንዲኖሩበት በተፈቀደው ክልል ውስጥም ትገኝ ነበር። ልጁ ገና በ12 ዓመቱ በፍርድ ቤት ጽሑፍ በመገልበጥ ሥራ ቤተሰቡን መርዳት ጀመረ። ትምህርቱን አላቋረጠም። በ1893 ሚንስክ ሄዶ በግል ተፈታኝነት ተፈተነና በዚያው ዓመት ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገባ።

ይህ በቀላሉ የምናልፈው ነገር አይደለም። የዛሩ መንግሥት በ1887 ባወጣው ገደብ መሠረት በዋና ከተሞቹ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር ከመቶ 3 እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ከድሃ ቤት ወጥቶ፣ ይህን የመሰለ በር አልፎ ለገባ ወጣት ትምህርት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ መገመት አይከብድም። የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው ልጆች በማስጠናት፣ በኋላም ንድፍ በመሥራት ነበር። በ1899 በ28 ዓመቱ ተመረቀና በካርኮቭ የባቡር መኪና ፋብሪካ ተቀጠረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ፒተርስበርግ ተመልሶ በአንድ የማሽንና የቦይለር ፋብሪካ በኃላፊነት ሠራ። ብረት ሲቀልጥ፣ ቦይለር ሲገጣጠም፣ ኮለን ሲቆም እያየ ነው የበሰለው። ወደ ሒሳብ የመጣውም በዚህ በኩል ነው።

በ1905 ሩሲያ በአብዮት ተናወጠች። ጋለርኪን የሶሻል ዴሞክራቶቹ ፓርቲ አባል ነበር፤ መሐንዲሶችንም በማኅበር ያደራጅ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ታሰረና የአንድ ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። የገባው የፒተርስበርጉ ክሬስቲ እስር ቤት ነው። እዚያ ሆኖ 130 ገጽ ያህል የሚሆን የመጀመሪያ የምርምር ጽሑፉን አዘጋጀ። ጽሑፉ በ1908 በፒተርስበርግ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት መጽሔት ላይ ሲታተም ደራሲው 37 ዓመቱ ነበር።

የጽሑፉ ጉዳይ የኮለን መታጠፍ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ቀጭን ኮለን ከላይ ሲጫኑት እስከ አንድ ልክ ድረስ ይሸከማል፤ ልኩ ሲታለፍ ግን ቁሱ ሳይደቅ በድንገት ወደ ጎን ይታጠፋል። የስዊዘርላንዱ ሊቅ ሌዮንሃርድ ኦይለር ይህን ለአንድ ብቸኛ ኮለን ቀደም ብሎ በ1744 ፈትቶታል። ጋለርኪን የጠየቀው ሕንፃ የሚሠራ ሰው ጥያቄ ነው፦ ብዙ ፎቅ ባለው፣ ኮለኑና ቢሙ በጠንካራ መጋጠሚያ በተያያዘበት መዋቅር ውስጥስ? እዚያ አንዱ ኮለን ብቻውን አይታጠፍም፤ ሁሉም ሁሉን ይጎትታል።

ከእስር ከወጣ በኋላ ወደ ፖለቲካው አልተመለሰም። ከ1909 ጀምሮ በፖሊቴክኒኩ አስተማረ። በክረምት ዕረፍቱ ወደ ጀርመን፣ ስዊዘርላንድ፣ ቤልጅየምና ስዊድን እየተጓዘ ታላላቅ የግንባታ ሥራዎችን ይመለከት ነበር። በነዚያው ዓመታት ከባድ ጭነት የሚሸከም የብረት አፅም ያለው የቦይለር ሕንፃ ነድፎ በፒተርስበርግ አሠራ። እጁ ከግንባታ፣ ልቡም ከስሌት አልተለየም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መሐንዲሱን ያስቸገረው ምን ነበር?

ቢም ሲጎብጥ፣ ሶሌታ ሲጫን፣ ሙቀት በግድግዳ ሲያልፍ፣ ውሃ በቦይ ሲወርድ የሚገዛቸው ሕግ የሚጻፈው ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን በሚባለው መልክ ነው። ይህ ኢኩዌሽን ቁጥር አይጠይቀንም። በየነጥቡ ሕጉን የሚያከብር አንድ ሙሉ ቅርጽ አምጡ ይለናል። ለጥቂት ቀላል ጉዳዮች ትክክለኛው ቅርጽ ይገኛል። አራት ማዕዘን የሆነና ጠርዞቹ በነፃ የተቀመጡ ሶሌታ ከሆነ ፈረንሳዊው ናቪዬ ገና በ1820ዎቹ ፈትቶታል። ጠርዞቹ ከግድግዳ ጋር ጠብቀው የተያዙ ከሆነ ግን ያ አጭር መንገድ ይዘጋል። ይህ የምሁራን ጨዋታ አልነበረም፤ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ለ1907 በዚሁ ጉዳይ የሽልማት ውድድር እስከ ማውጣት ደርሷል። መርከብ ሠሪው፣ ግድብ ሠሪው፣ ሕንፃ ሠሪው ሁሉ መልሱን ይሻ ነበር። ሒሳቡ እስኪጠናቀቅ ድረስ ግንባታው አይቆምም።

ጋለርኪን በ1915 በአንድ የሩሲያ መሐንዲሶች መጽሔት ላይ ባወጣው ስለ ዘንጎችና ሶሌታዎች በሚያወሳ ጽሑፍ የሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። ትክክለኛውን ቅርጽ ማግኘት ካልቻልን የምናውቃቸውን ጥቂት ቀላል ቅርጾች እንምረጥ፤ እነዚያን በተለያየ መጠን ደምረን አንድ ግምታዊ መልስ እንሥራ። ይህን ግምት ወደ ኢኩዌሽኑ ስናስገባው በትክክል አይገጥምም፤ የሚተርፍ ስህተት ይኖራል። ይህን ቀሪ ስህተት በሁሉም ነጥብ ዜሮ ማድረግ አንችልም። ግን አንድ ነገር ልናስገድደው እንችላለን፦ በመረጥናቸው ቅርጾች በእያንዳንዳቸው ስንመዝነው ዜሮ ይሁን። ስንት ቅርጽ መረጥን? ያን ያህል ሁኔታ እናገኛለን። ስንት መጠን አናውቅም? ልክ ያን ያህል። ያ አስፈሪ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ተራ የቁጥር ኢኩዌሽኖች ስብስብ ይሆናል፤ ያ ደግሞ በትዕግሥት የሚፈታ ነገር ነው።

ለምን ይህ ሁኔታ ተመረጠ? ግንበኛ ከጣሪያው ላይ ካለ ምስማር በቀጥታ ሥር ያለውን የወለል ነጥብ ሲፈልግ ቱንቢ ያወርዳል። ቱንቢው ያረፈበት ነጥብ ከምስማሩ ጋር አንድ አይደለም፤ ነገር ግን ከወለሉ ነጥቦች ሁሉ ለምስማሩ የሚቀርበው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ክሩ ከወለሉ ጋር ቀጥተኛ ማዕዘን ይሠራል። ትክክለኛው መልስ ምስማሩ ነው፤ ወለሉ እኛ የመረጥናቸው ቅርጾች ናቸው፤ ክሩ ስህተቱ ነው። ከወለሉ መነሳት ካልቻልን፣ ስህተቱ ከወለሉ ጋር ቀጥተኛ ማዕዘን እንዲሠራ ማድረግ ልንሠራው የምንችለው ከሁሉ የተሻለ ሥራ ነው። የጋለርኪን ሁኔታ በሒሳብ ቋንቋ የሚለው ይህንኑ ነው።

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር በቁጥር ላሳያችሁ። በሁለት ጫፉ በድጋፍ ላይ የተቀመጠና ክብደት በእኩል የተሰራጨበት ቢም አስቡ። መሃሉ ላይ ምን ያህል ይጎብጣል? የዚህን ትክክለኛ መልስ እናውቀዋለን፤ የጭነቱ፣ የርዝመቱና የጥንካሬው ዝምድና የሚባዛበት ቁጥር 5 ሲካፈል ለ384 ነው፤ ይህም 0.01302 ያህል ይሆናል። አሁን እንደማናውቀው ሆነን በጋለርኪን መንገድ እንሂድ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ የሳይን ሞገድ አንድ ግማሽ ብቻ እንምረጥ። አንድ ቅርጽ፣ አንድ ያልታወቀ መጠን፣ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት የሚያልቅ ስሌት። የሚወጣው ቁጥር 0.01307 ነው። ስህተቱ ከመቶ 0.4 አይሞላም። ሁለተኛ ቅርጽ ስንጨምር ስህተቱ ከ10,000 እጅ 3 እጅ ያህል ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ተማሪዎች በተለይ አድምጡኝ። ቢሙ የሚሰበረው በጉብጠቱ መጠን ሳይሆን በውስጡ በሚፈጠረው የማጉበጥ ጫና፣ ማለትም በሞመንት ነው። ትክክለኛው የሞመንት ቁጥር 0.125 ነው። ያው አንዱ ቅርጽ የሚሰጠን ግን 0.129 ነው፤ ስህተቱ ከመቶ ከ3 በላይ ሆነ። በጉብጠት ላይ እጅግ ጥሩ የነበረው ግምት በሞመንት ላይ ስምንት እጥፍ ከፋ። በሁለት ቅርጽ ስንሠራው ወደ ከመቶ 0.6 ይሻሻላል። ስለዚህ ግምቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ጥያቄ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ለምን ጉዳይ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከዘዴው ትምህርት ሁሉ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ፍትሕ እንድናደርግ ደግሞ ይህ ሐሳብ የአንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ እንናገር። ስዊዘርላንዳዊው ዋልተር ሪትዝ ከጋለርኪን በፊት ተመሳሳይ መንገድ ከፍቷል። መነሻው መዋቅሩ ጉልበቱ ከሁሉ ያነሰበትን ቅርጽ ይመርጣል የሚለው ሕግ ነበር። በዚያ በ1907ቱ የአካዳሚ ውድድር ቀርቦ አልተሸለመም፤ በ1909 በ31 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። የመርከብ መሐንዲሱ ኢቫን ቡብኖቭ ደግሞ በ1911 ሌላው መሐንዲስ ስቴፓን ቲሞሼንኮ ለሽልማት ባቀረበው ሥራ ላይ ግምገማ ሲጽፍ ያንኑ ስሌት ጉልበትን ሳይጠቅስ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። በዚህም ምክንያት ብዙዎች ዘዴውን የቡብኖቭና የጋለርኪን ዘዴ ብለው ይጠሩታል፤ ይገባዋልም። ቡብኖቭ በ1919 በታይፈስ ሞተ።

የጋለርኪን ድርሻ ታዲያ ምንድን ነው? መንገዱን ከጉልበት ሕግ ፈትቶ አጠቃላይ አደረገው፤ በዘንግና በሶሌታ ብዙ ጥያቄዎች ላይም እየሠራ ለመሐንዲስ እጅ አመቻቸው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የጉልበት ሕግ የሚሠራው ሁሉም ነገር ወደ አንድ ዝቅተኛ ልክ በሚሄድበት ነው። በሚፈስ ውሃና በሚነፍስ አየር እንዲህ ያለ ሕግ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የጋለርኪን መንገድ ግን ኢኩዌሽኑ ብቻ ይበቃዋል። ሁለቱ መንገዶች አብረው በሚሠሩበት ቦታ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፤ የጉልበቱ መንገድ ሲቆም የጋለርኪኑ ይቀጥላል።

ዘዴው ገና ሲወጣ ሙሉ ማረጋገጫ አልነበረውም። ቅርጾቹን ባበዛን ቁጥር ግምቱ በእርግጥ ወደ እውነተኛው መልስ ይጠጋል ወይ? መሐንዲሶች እንደሚሠራ አዩና ተጠቀሙበት፤ የሒሳብ ሰዎች ደግሞ ለምንና መቼ እንደሚሠራ ጠየቁ። በ1942 ምስቲስላቭ ኬልዲሽ ለሰፊ የጥያቄ ዓይነት ማረጋገጫውን ሰጠ። በ1964 ፈረንሳዊው ዣን ሴያ ደግሞ የግምቱ ስህተት ከመረጥናቸው ቅርጾች ሊገኝ ከሚችለው ከምርጡ ስህተት በተወሰነ እጥፍ እንደማይበልጥ አስረዳ። ልብ በሉ፤ ግምቱ በ1915 ተወለደ፤ ስህተቱን ማወቁ ግን የግማሽ ምዕተ ዓመት ሥራ ጠየቀ። ይህን ሥራ የሠሩት ሰዎች ከፈጣሪው ያነሰ ምስጋና አይገባቸውም።

ጋለርኪን ራሱ ከ1917ቱ አብዮት በኋላ በመምህርነትና በአማካሪነት ቀጠለ። ከ1920 ጀምሮ በፖሊቴክኒኩ የመዋቅር መካኒክስ ትምህርት ክፍልን መራ። በ1926 ሥራ ለጀመረው ለቮልኮቭ እና በ1932 ለተመረቀው ለዲኔፐር የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አማካሪ ነበር። በ1935 በ64 ዓመቱ የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ ሙሉ አባል ሆነ። የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ሲያስጨንቅ የከተማዋን የመከላከያ ግንባታ ከሚመሩት ባለሙያዎች አንዱ ሆኖ አገለገለ። ሐምሌ 12 ቀን 1945፣ ጦርነቱ በአውሮፓ ካበቃ ከሁለት ወር በኋላ፣ ዐረፈ። ኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር ገና ከቤተ ሙከራ አልወጣም ነበር። ዘዴው በማሽን እጅ ምን እንደሚሆን ሳያይ ሞተ።

ከእሱ በኋላ የመጣው ለውጥ ይህ ነው። በእጅ የሚያሰላ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ብልህ ቅርጾችን ይመርጣል። ኮምፒዩተር ግን እልፍ አእላፍ ቅርጾችን ይችላል፤ ስለዚህ ቅርጾቹ ብልህ መሆናቸው ቀርቶ ትናንሽና ቀላል ይሁኑ ተባለ። መዋቅሩን በትናንሽ ቁራጮች መክፈል፣ በየቁራጩ ቀላል ቅርጽ ማድረግ፣ ከዚያ ሁሉን ማያያዝ። በ1956 የቦይንግ መሐንዲሶች ከሬይ ክላፍ ጋር ሆነው የአውሮፕላን ክንፍ ግትርነት ለማስላት ይህን መንገድ አሳተሙ፤ ክላፍም በ1960 ፋይናይት ኤለመንት ብሎ ስም አወጣለት። እነዚህ መሐንዲሶች የተነሱት ከመዋቅር ስሌት ልምድ ነበር፤ ኋላ ላይ መሠረቱ ሲመረመር ሪትዝና ጋለርኪን ከዘረጉት ሐሳብ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ወደ ሙቀትና ወደ ፈሳሽ ጥያቄ ሲሻገር ደግሞ መሸጋገሪያው የጋለርኪን መንገድ ሆነ። በ1983 የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ምድርን የሚከብቡ የሞገድ ቅርጾችን እየደመረ የሚያሰላ የትንበያ ሞዴል ሥራ ላይ አዋለ፤ የዚያም አካሄድ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኢታብስ ወይም ሳፕ 2000 የተባለ የመዋቅር ስሌት ፕሮግራም ከፍቶ የሕንፃ ሞዴል የሚሠራ ወጣት መሐንዲስም ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው የሚውለው።

አሁን ቀደም ብዬ ያልኋችሁን ያን ሁለተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። ነሐሴ 23 ቀን 1991 በኖርዌይ ስሌይፕነር ኤ የተባለው የነዳጅ መድረክ የኮንክሪት መሠረት ወደ ባሕር በቁጥጥር ሲወርድ ግድግዳው ተሰነጠቀና ሰጠመ። የባሕሩን ወለል ሲመታ በመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ 3 የሚሆን ንዝረት አስመዘገበ። ሰው አልሞተም፤ ኪሳራው ግን ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ምርመራው ካገኛቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ የፋይናይት ኤለመንቱ ስሌት ነው። ፕሮግራሙ የታወቀና የተመሰገነ ነበር። ስህተቱ ወሳኝ በሆነው መጋጠሚያ ላይ ቁራጮቹ መብዛት ሲገባቸው ጥቂትና ቅርጻቸው የተዛባ መሆኑ ነው። በዚህም የግድግዳው የመሸርተት ኃይል በመቶ 47 ዝቅ ተደርጎ ተሰላ፤ ኮንክሪቱም ቀጥኖ ተሠራ። ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ የተደገመው ስሌት መዋቅሩ በ62 ሜትር ጥልቀት ይሰነጠቃል አለ። በእርግጥ የተሰነጠቀው በ65 ሜትር ነበር።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አስተውሉ። ዘዴው ራሱ ይህን ያህል ትክክል ነበር፤ ያው ዘዴ በግድየለሽ እጅ ያን ያህል አሳሳተ። በመጀመሪያው ስሌት የጎደለው ስህተቴ ምን ያህል ነው የሚል ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ቁራጮቹን በእጥፍ አብዝቶ መልሱ ይቀየር እንደ ሆነ ቢመለከት፣ ወይም ያን አንድ ግድግዳ በወረቀት ላይ በቀላል ቢም መስሎ ቢያሰላው፣ ቁጥሩ እንደማያምር ያየው ነበር።

ስለዚህ ከጋለርኪን ሕይወትና ሥራ ወደ እኛ የሚመጣው ምንድን ነው?

ለመምህራን የምለው አለኝ። ተማሪ ፕሮግራሙን ከመክፈቱ በፊት አንድ ቢም፣ አንድ ቅርጽ፣ አንድ መጠን በእጁ ያስላ። ያቺ ቅድም ያሳየኋችሁ ስሌት አንድ የትምህርት ሰዓት አትፈጅም። ተማሪው ግን ግምት ምን እንደ ሆነ፣ ጉብጠቱ ላይ ያማረው ቁጥር ሞመንቱ ላይ ለምን እንደሚከዳ በዓይኑ ያያል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ የሚሰጠውን ቁጥር በጭፍን አይቀበልም፤ ያነጋግረዋል።

ለተማሪዎች ደግሞ፦ ዘግይተናል አትበሉ። ይህ ሰው በ22 ዓመቱ ኢንስቲትዩት ገባ፤ በ37 ዓመቱ የመጀመሪያ ጽሑፉን አሳተመ፤ ስሙን ያስጠራውን ሥራ በ44 ዓመቱ አወጣ። ፋብሪካ ውስጥ ያሳለፋቸው ዓመታት የባከኑ አልነበሩም፤ የትኛው ጥያቄ መልስ እንደሚገባው ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ከግንባታ ቦታ የሚመጣ ጥያቄ ከመጽሐፍ እንደሚመጣው ሁሉ ወደ ታላቅ ሒሳብ ያደርሳል፤ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው የሚከታተል ሰው ካገኘ።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው የመጨረሻው ነው። በምንፈርመው ንድፍ ሥር ቤተሰብ ይኖራል፤ ልጆች ይማራሉ፤ ገበያ ይቆማል። ትክክለኛውን መልስ አላገኛችሁም ብሎ የሚወቅሰን የለም፤ ትክክለኛው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝምና። ግምታችን የት ድረስ እንደሚታመን ሳናውቅ ከፈረምን ግን ወቀሳው ይገባናል። ጋለርኪን ስህተትን ማጥፋት ባይቻልም ሕግ ሊገዛው እንደሚችል አሳይቶናል። ያን ሕግ ማስከበር የፈራሚው ሁሉ ግዴታ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በእያንዳንዱ ዋና ቁጥር አጠገብ ስህተቱን ጻፉ፤ መጻፍ ካልቻላችሁ ስሌቱ አላለቀምና አትፈርሙ።